እሽጉን ማን ከፈተው?

ሽቦ ሰው አታምንም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። ሻጩ “ገና ከካርቶን መውጣቱ ነው” ያላትን ባትሪ ለክታ ነው የምትረከበው። ደንበኛ “ዘይቱን ትናንት ነው የቀየርኩት” ሲላት “ጎበዝ” ብላ የዘይት መለኪያውን መዝዛ ታያለች። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ከሽቦ ጋር ስትታገል ስለምትውል፣ እሷም ቀጭንና በቀላሉ የማትታጠፍ ስለሆነች፣ የጋራዡ ሰዎች ሽቦ ብለው አወጡላት፤ የመዝገብ ስሟን የሚያስታውስ ሰው እስኪጠፋ ድረስ በዚያው ጸና። እንዲህ ያለች ሴት ፍቅር ሲይዛት ምን ዓይነት ጣጣ ውስጥ እንደምትገባ መገመት አያቅትም።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ የምትመረምረው ግን ባትሪም ዘይትም አልነበረም፤ የምትወደውን ሰው ነበር። ሰውየው የጥርስ ሐኪም ነው። ትናንት ከሥራ ሲወጣ አንድ ካርቶን አምጥቶ፣ “በመጨረሻ ደረሰ!” ብሎ እጇ ላይ አስቀመጠላት፤ ግንባሯን ሳማትና “ቸኩያለሁ” ብሎ ሄደ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የሞተር ኮምፒውተር ነው፤ የደብተር ስፋት ያለው ጥቁር የብረት ሳጥን። ሦስት ወር ሙሉ ሲመርጡት፣ ሲጨቃጨቁበት፣ በእሱም ሰበብ ሲዋደዱ የቆዩት ሳጥን ይኸው ነው። ዛሬ የሐኪሙ መኪና ላይ ይገጠማል፤ መኪናዋም ትነሳለች። ከወር በፊት ሐኪሙ “ታገቢኛለሽ?” ብሎ ሲጠይቃት፣ “መኪናህ የተነሳች ቀን እነግርሃለሁ” ብላው ነበር። መልሱን እስከ ትናንት ድረስ ልቧ ያውቀው ነበር።

ዛሬ ግን ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ስታየው ልቧ ቀጥ አለ። ክዳኑና አካሉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የጣት ጥፍር የምታክል የብር ቀለም ያላት ማሸጊያ ተለጥፋለች፤ “ከተቀደደች ፋብሪካው ኃላፊነት አይወስድም” የሚል ተጽፎባታል። አልተቀደደችም። ነገር ግን በጠርዟ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ መስመር ነበረች፤ የተሞላ ጥርስ ጠርዝ ላይ የምትቀረውን ዓይነት። ሽቦ ሳጥኑን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቅርንፉድ ሸተታት።

ይህን ሽታ ታውቀዋለች። ጥርስ ሐኪሞች ጥርስ ለጊዜው የሚሞሉበት ነገር ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። የእሱ ጣቶች፣ የሸሚዙ እጅጌ፣ ኮቱን የሰቀለበት ግድግዳ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚሸተው። ስንት ጊዜ እጁን ጨብጣ ከተለያዩ በኋላ የራሷን መዳፍ አሽትታለች! አሁን ግን ሳጥኑን ከአፍንጫዋ አራቀችው። እሽጉን የከፈተው እሱ ነው። ከፍቶ፣ ውስጡን የሆነ ነገር አድርጎ፣ መልሶ እንዳልተነካ አስመስሎ ለጥፎታል። ለእሷም አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም።

መቼም ነገሩ ከየት እንደጀመረ ካልተነገረ ጥርጣሬዋ የዕብደት ይመስላል። መኪናዋ ባለ ሁለት በር፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ቀለሟ የበሰለ ብርቱካን የመሰለ ባለ ተርቦ መኪና ናት። ተርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚጠቀጥቅ መሣሪያ ነው። አየሩ ሲበዛ ነዳጁም አብሮ መብዛት አለበት፤ ያንን ልክ የሚወስነው ደግሞ ኮምፒውተሩ ነው። ሐኪሙ ትልቅ ተርቦ አስገጠመባትና የፋብሪካው ኮምፒውተር ግራ ተጋባ። ዳገት ላይ መኪናዋ እንዳኮረፈች በቅሎ ቀጥ ትላለች። ሦስት ጋራዥ ዞሮ አራተኛው ላይ ሽቦን አገኘ።

“ሌላ ኮምፒውተር ያስፈልጋታል” አለችው በዚያን ቀን፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

“የትኛው?”

“እሱን ነው የምንመርጠው። ቁጭ በል።”

ቁጭ አለ፤ ቁጭ እንዳለም ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ሲያስስ የሰነበተውን ሁሉ ከስልኩ ያሳያታል። መጀመሪያ ያመጣው ከፋብሪካው ኮምፒውተር ጎን የምትገጠም ትንሽ ሳጥን ነበር። “ርካሽ ናት፤ በአንድ ቀን ሥራው ያልቃል” አላት።

ሽቦ ሳቀች። “ይቺ እኮ ሥራዋ መዋሸት ነው። አየሩ ሲበዛ ለዋናው ኮምፒውተር ‘ኧረ ትንሽ ነው’ እያለች ታታልለዋለች። እኔ እጄ በነካው መኪና ውሸታም አላስገባም።”

ቀጥሎ ባለ ቀለም ስክሪን፣ ለውድድር መኪና የተሠራ፣ የማያደርገው ነገር የሌለ ኮምፒውተር አሳያት፤ ዓይኑ እንደ ሕፃን ልጅ እያበራ። “ዶክተር፣ ከዚህ ሁሉ ግማሹን አትነካውም” አለችው። “ኮምፒውተር የሚመረጠው በሚችለው ነገር ብዛት አይደለም። ሲበላሽ ማን ይደርስልሃል? ማን ነው ጠባዩን የሚያውቀው? ሞተሩ ከውስጥ መንኳኳት ሲጀምር ሰምቶ ይጠነቀቅልሃል ወይ? እሱን ጠይቅ።” በመጨረሻ የተስማሙት ምንም ጌጥ በሌለው፣ የአየሩን ግፊት ራሱ በሚለካ፣ መንኳኳቱን በሚሰማ፣ እሷም ጠባዩን ጠንቅቃ በምታውቀው በዚህ ጥቁር ሳጥን ነበር። ከፋብሪካው በቀጥታ በፖስታ እንዲታዘዝ ያለችውም እሷ ናት። “ከዚህ ከተማ ሱቅ እንዳትገዛ” አለችው። ለምን ብሎ ሲጠይቃት ነው የአባቷ ታሪክ የወጣው።

አባቷን ሁሉም ጋሽ ጆሮ ነው የሚላቸው። ሞተር ሲነሳ ጆሯቸውን ብቻ ሰጥተው በሽታውን ስለሚያውቁ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ ደንበኛ ባለ ተርቦ መኪና፣ ከታወቀ አስመጪ ሱቅ እሽግ ኮምፒውተር ገዙ። አላስችል ብሏቸው ከመግጠማቸው በፊት ክዳኑን ከፍተው ውስጡን አዩት፤ ደህና መሰላቸው፤ ገጠሙት። በሦስተኛው ቀን ዳገት ላይ ኮምፒውተሩ የአየሩን ልክ ሳተ፤ ነዳጅ አሳነሰ፤ ፒስተኑ እንደ ሻማ ቀለጠ። ዕቃው ፎርጅድ ነበር። ጋሽ ጆሮ ይዘውት ወደ ሱቁ ሲሄዱ አስመጪው በእጁ እንኳ ሳይነካው፣ “እሽጉ ተከፍቷል። እሽጉ ከተከፈተ እኛን አይመለከትም” አላቸው። ደንበኛውም “ጋሽ ጆሮ ሞተሬን አቃጠሉት” እያለ ለሰማውም ላልሰማውም ነዛው። ከዚያ ወዲህ አባቷ ባለ ተርቦ መኪና ነክተው አያውቁም። ጋራዡ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ያዳምጣሉ።

ይህን ስትነግረው የሐኪሙ ፊት አመድ መሰለ። የሱቁን ስም ጠየቃት። ነገረችው። “ባለ ሱቁ አባቴ ነው” አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቃት ነበር፤ እሱ አልደበቃትም። ሽቦ ይህችን ይዛ ሁለት ወር ራሷን ስታጽናና ቆየች። አባቷ ገጥመውት የነበረውን ፎርጅድ ኮምፒውተር ሳይቀር ከጠረጴዛዋ ሥር ካለው የብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ አሳየችው። እናቱ ስልክ ደውላ፣ “ልጄ፣ ወግ ማዕረግሽን ያሳይሽ፤ የኔ ልጅ ግን ግራሶ አልለመደም” ያለቻት ቀን እንኳ ስቃ አለፈችው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ያለቀሰችው።

አሁን ያ ሁሉ ተግተልትሎ መጣባት። ካርቶኑን ገለበጠችው። የፖስታ ቤቱ ወረቀት ጎኑ ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ የርክክቡ ቀን ተጽፎበታል፤ ከሥሩ የሐኪሙ ፊርማ አለ። በጣቷ ቆጠረች፤ አላመነችም፤ ደግማ ቆጠረች። ትናንት “በመጨረሻ ደረሰ” ያላትን ዕቃ የተረከበው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነው።

የቀጣፊዎቹን ዘዴ ታውቃለች። እውነተኛውን ሳጥን ይከፍቱና ዕቃዎቹ የተበየዱበትን ቦርድ አውጥተው የውሸቱን ይከቱበታል፤ እውነተኛውን ለብቻ ይሸጡታል። ካቻቢቴዋን አነሳች። አራት ብሎን ናት፤ ፈትቶ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ካቻቢቴዋን መልሳ አስቀመጠችው። ከፈተችው ማለት አባቷን ያሉትን እሷንም ሊሏት አይደል? ቢያንስ ክብደቱን ከአሮጌው ፎርጅድ ጋር ላወዳድር ብላ ጎንበስ አለችና የብስኩት ቆርቆሮውን ጎትታ አወጣች። ቀለለባት። ባዶ ነበር።

ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። እሷ አልወሰደችውም። አባቷ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደዚያ ቆርቆሮ ዞር ብለው ማየት አይፈልጉም። የቀረው አንድ ሰው ነው። ማስረጃውን ወስዶ ለአባቱ አስረክቦታል፤ ደግሞ በዚያው እጁ ሌላ ፎርጅድ አምጥቶላታል፤ ደግሞ ግንባሯን ስሟታል። ሽቦ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። የተናደደች መስሏት ነበር፤ እንባዋ ሲወርድ ነው የተሰበረች መሆኗ የገባት።

“ዶክተሩ መጣ?” አሉ አባቷ ከደጅ።

“አልመጣም አባዬ! ደግሞ አንተን ዛሬ ምን አስቸኮለህ?”

“ኧረ ምንም” አሉ።

ፊት ለፊት ብነግረው ዓይኑን አይቼ እሸነፋለሁ ብላ ፈራች። ወረቀት አወጣች። ሦስት ጊዜ ጻፈችው፤ የመጀመሪያው ልመና መሰለባት፣ ሁለተኛው ስድብ በዛበት፣ ሦስተኛውን ደግማ ሳታነብ አጠፈችው።

“ዶክተር፣ መልሴን ስትጠብቅ ነበር፤ ይኸው። አይሆንም። ለምን እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። አባትህ አባቴን አንድ ጊዜ አዋረዳቸው፤ አንተ ደገምከው። እኔ ሞኟ፣ እጅህ ሲነካኝ የሚያድን እጅ መስሎኝ ነበር። መኪናህን ዛሬውኑ አስወስዳት። ሳጥኑን አልከፈትኩትም፤ በኔ እንዳታሳብብ።”

ወረቀቱን የመኪናዋ መሪ ላይ ሰካችውና የተከፈተው ኮፈን ጀርባ ሄዳ ቆመች። የምትሠራ ለመምሰል አንድ ብሎን ይዛለች፤ ብሎኑ ግን ከጠበቀ ሰንብቷል።

ሐኪሙ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ሁልጊዜ እንደ ወረቀት የምትተኮሰው ሸሚዙ ተጨማድዳለች። በእጁ ትልቅ ሻንጣ ይዟል። ሽቦ ሻንጣውን ስታይ ሌላ ሥጋት ተጨመረባት፤ ሊሄድ ነው። በር ላይ ከአባቷ ጋር ተጨባበጡ። አባቷ እጁን ቶሎ አልለቀቁትም፤ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ተያዩ። የምን መተያየት ነው? ሰላምታ እንዲህ አይረዝምም።

“ሽቦዬ! ዛሬ ቀናችን ነው!” ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ መኪናዋ ገባ። በኮፈኑና በመስታወቱ መካከል ባለው ክፍተት ፊቱ ይታያታል። ወረቀቱን አየው፤ ፈገግ አለ፤ የፍቅር ደብዳቤ መስሎታል። ሲከፍተው ፈገግታው ገና ከንፈሩ ላይ ነበር። አነበበ። መልሶ አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሁለት እጁን መሪው ላይ ጫነና ባዶውን ግድግዳ ማየት ጀመረ። ሽቦ ይህን ፊት ለማየት ተዘጋጅታ ነበር፤ አንጀቷን ይበላዋል ብላ ግን አልጠበቀችም።

ወጥቶ ፊቷ ቆመ። “ምን አደረግኩሽ?”

“ከኔ ነው የምትሰማው? እሺ። ሳጥኑ እጅህ የገባው መቼ ነው?”

“ትናንት እኮ አመጣሁልሽ…”

“መቼ አመጣኸው አላልኩም!”

አንገቱን ደፋ። “አሥራ አንድ ቀን ሆነው።”

“እሽጉን ማን ከፈተው?”

“እኔ።”

ይክዳል ብላ ነበር የጠበቀችው። አለመካዱ ይበልጥ አናደዳት። “ቆርቆሮ ውስጥ የነበረውንስ? እሱንም አንተ?”

ሐኪሙ ወደ በሩ አየ።

“አየህ! እዚህ ስትደርስ ምላስህ ታሰረ!” አለች። “እኔ አንተን አምኜ ነው ያንን ቆርቆሮ የከፈትኩልህ። ለማንም አሳይቼው አላውቅም። ለአባትህ ስትወስድለት ትንሽ አልከበደህም? ትንሽ እንኳ?”

“ሽቦዬ፣ ቃል ስላለብኝ ነው ዝም ያልኩት።”

“ለማን? ለአባትህ?”

“ሳጥኑን ክፈቺው” አለ። “በእናትሽ፣ ከፍተሽ ውስጡን እዪውና ከዚያ የፈለግሽውን በዪኝ።”

“እከፍትልሃለሁ! ከፍቼው ነገ ‘እሽጉ ተከፍቷል፣ አይመለከተንም’ እንድትሉኝ! አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ወጥመድ አይያዝም!”

“እኔ ነኝ የሰጠሁት።”

ሁለቱም ዞሩ። ጋሽ ጆሮ በሩ ላይ ቆመዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ባለ ተርቦ መኪና ወደቆመችበት ሲጠጉ ማንም አይቷቸው አያውቅም።

“ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ልጁን ተዪው” አሉ።

“አባዬ… አንተ?”

“ከሦስት ሳምንት በፊት አንቺ ዕቃ ልትገዢ የወጣሽ ጊዜ መጣና ለመነኝ። ‘ይስጡኝ፤ አባቴ ፊት አስቀምጬ መልስ እንዲሰጥዎ አደርጋለሁ’ አለኝ። አላመንኩትም። ይሄን ጠባይ ከማን የወረስሽው መሰለሽ? ‘እሰጥሃለሁ፤ ምን እንደምታደርግበት አያለሁ፤ እስከዚያ ለልጄ ትንፍሽ እንዳትል’ ብዬ አስማልኩት። ልፈትነው ነበር።”

ሽቦ አንዴ አባቷን አንዴ ሐኪሙን አየች። ነገር ዓለሙ ተምታታባት።

“እውነተኛው ከሌለ ውሸቱ አይታወቅም” አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። “አንቺ የመረጥሽው ሳጥን ሲደርሰኝ፣ አሮጌውም የዚሁ ፋብሪካ ሥራ ነው ተብሎ የተሸጠ ስለሆነ፣ ይኸው ማነጻጸሪያ አልኩ። ማሸጊያዋን ጥርስ በማጸዳበት መንጠቆ አነሳኋት። ጋሼ ሕክምና ክፍሌ መጡ። ሁለቱን ቦርድ በሽተኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ በማጉያ መነጽር ግማሽ ቀን አየናቸው።”

“በውሸቱ ላይ የአየር ግፊቱን የሚለካው ዕቃ ሌላ ነው” አሉ ጋሽ ጆሮ። ድምፃቸው ወፍሮ ነበር። “የማይረባ ነገር በዚያ ቦታ በይደውበታል። ከላይ ሲታይ አንድ ነው፤ እኔም ያኔ ከፍቼ ሳየው አልለየሁትም። በማጉያው ግን…” እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ እጃቸው ንጹሕ ነበር። “ልጄ፣ አንቺ ሁልጊዜ እነሱን ነበር የምትጠረጥሪው። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን ነበር። ስከፍተው ነክቼው ይሆን? ሽቦ አሳስቼ ይሆን? የኔ እጅ ነው ሞተሩን የገደለው እል ነበር። እንዳልሆነ ያወቅኩት እዚያ ጥርስ ወንበር አጠገብ ቆሜ ነው። አለቀስኩ። ይሄ ልጅ አይቶኛል።”

ሽቦ አባቷ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክመው እንደሚኖሩ አታውቅም ነበር። በየቀኑ ምሳ ታቀርብላቸዋለች፣ በየቀኑ ታያቸዋለች፣ አታውቅም ነበር።

“አባትህስ?” አለች በስተመጨረሻ ወደ ሐኪሙ ዞራ። “ወሰድክለት?”

“ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ረጅም ጊዜ አያቸው። አሮጌውን አንስቶ ደጋግሞ ሲያገላብጠው አየሁ፤ እሱንም አታለውት እንደሸጡለት ያን ጊዜ ገባኝ። ‘ተሳስቻለሁ’ ለማለት አንዲት ቃል ቀርታው ነበር። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? ‘እሽጉ ተከፍቷል’ አለኝ። ለኔ፣ ለልጁ። ወይ ይህን ነገር ትተወዋለህ ወይ ቤቴን ትለቃለህ አለኝ። አሮጌውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼለት፣ ያንቺን ይዤ ወጣሁ። ዘጠኝ ቀኔ ነው፤ ሕክምና ክፍሌ ነው የማድረው። ዛሬ እናቴ የቀረ ልብሴን በሻንጣ ላከችልኝ።”

“ታዲያ ማሸጊያዋን ለምን መልሰህ ለጠፍካት? ለምን አልነገርከኝም?”

“ተከፍቶ ስታዪው እንዳትደነግጪ ነዋ! ያ ቃል ምን እንዳደረጋችሁ እያወቅኩ እሽጉ የተከፈተ ዕቃ ላምጣልሽ? ዛሬ መኪናዋ ከተነሳች በኋላ ጋሼ ራሳቸው ሊነግሩሽ ተስማምተን ነበር። ጥርስ ስሞላ ማንም አያውቅብኝም፤ አንቺም የማታውቂ መሰለኝ።”

“እኔ ነግሬዋለሁ” አሉ ጋሽ ጆሮ። “ታሸታለች አልኩት።”

ማንም አልሳቀም። በዚህ ሰዓት ሽቦ ማድረግ የነበረባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር። እጁን ይዛ ይቅር በለኝ ማለት። እሷ ግን ጠባይዋ አለቀቃትምና ካቻቢቴዋን አነሳች። አራቱን ብሎን ፈታች። ክዳኑን ገልብጣ፣ ማጉያ መስታወቷን ዓይኗ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቦርዱ ላይ ተደፋች። ቁጥሮቹን አየች፣ ብየዳውን አየች፣ የግፊት መለኪያዋን ሁለት ጊዜ አየች። እውነተኛ ነው። ንጹሕ፣ ያልተነካ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ደስታ ወረራትና ፊቷ በርቶ ቀና አለች።

“እውነተኛ ነው!” አለች። “ዶክተር፣ እውነተኛ እኮ ነው!”

ሐኪሙ ሻንጣውን ከመሬት አንስቶ ነበር። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

“አሁን አመንሽኝ?” አላት።

“አዎ! በጣም…”

“ቦርዱን ነው ያመንሽው። እኔን አይደለም።” ደብዳቤዋን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ያዘው። “ለአሥራ አንድ ቀን ስለደበቅኩሽ አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ። ግን ሽቦዬ፣ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳትጠይቂኝ ነው ይሄን የጻፍሽው። እጄን አሽትተሽ ሌባ አደረግሽኝ። አባትሽ ተናገሩልኝ፤ እሱም አልበቃሽም፤ ብሎን ፈታሽ። አሁን እሺ ብትይኝ ማስረጃ ስላገኘሽ ነው። ነገ ማስረጃ ያጣሁ ቀን ምን ልሆን ነው?” ድምፁ ተሰበረ። “የዛሬ ወር የጠየቅኩሽን ጥያቄ ትቼዋለሁ። መመለስ የለብሽም። ነጻ ነሽ።”

ነጻ ነሽ የሚል ቃል እንዲህ ያቃጥላል ብሎ ማን ይገምታል? ሽቦ ማጉያውን ከዓይኗ አወለቀች። ጋሽ ጆሮ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መንገዱ ዞሩ፤ ጆሯቸው ግን የት እንደነበረ አይጠፋንም። ሐኪሙ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ። ሽቦ በዚህች ቅጽበት ሁለት ነገር አወቀች፤ የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑንና ያለ እሱ መኖር የማትችል መሆኑን። ሁለቱንም ለማወቅ ምንም አልለካችም።

“ቁም!” አለች።

ቆመ፤ አልዞረም።

“ቁም ስልህ… ቆይ፣ እኔ መናገር አልችልበትም፤ እንደመጣልኝ ነው የምነግርህ። አጥፍቻለሁ። አሁን ሳጥኑን ስከፍተውም አጥፍቻለሁ፤ እያወቅኩ ነው እጄ የሄደው። ነገም እጠረጥርሃለሁ። ስልክ ስታነሳ ማን ነው እልሃለሁ፤ አሥር ደቂቃ ስትዘገይ የት ነበርክ እልሃለሁ። እተወዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። ግን ዛሬ ጠዋት ሌባ ነህ ብዬ ካመንኩ በኋላ እንኳ እንዴት እንዳለቀስኩልህ ብታይ! ሌባም ሆነህ ወድጄህ ነበር። የጠላሁት ራሴን ነው እንጂ አንተን መጥላት አልቻልኩም።” ትንፋሽ አጠራት። ግራሶ የነካው እጇን ከኋላዋ ደበቀች፤ ከዚያ ምን አስደበቀኝ ብላ ወደ ፊት አመጣችው። “ጥያቄህን ከተውከው ተውከው። አሁን የምጠይቀው እኔ ነኝ። ታገባኛለህ?”

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ዞረ። አልመለሰላትም። ሻንጣውን እንደያዘ ቆሞ አያት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የመከፋት ይሁን የፍቅር መለየት አልቻለችም። እሱ አንድ ወር ሙሉ ጠብቋል፤ እሷ አንዲት ደቂቃ እንኳ ረዘመባት። መልስ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ እንደሚጨነቅ አታውቅም ነበር፤ ብታውቅ ኖሮ አንድ ቀንም አታስጠብቀውም ነበር። ቢሆንም ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳታረጋግጥ፣ እየፈራች፣ ቆማ ጠበቀችው።